የመጨረሻዋን ገጽ አትለፏት

ወዳጆቼ፣ በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የጥንት መጻሕፍት ፎቶ ስለምትልኩልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የምትልኩት ሥዕሉንና ሐረጉን ብቻ ነው። እኔ ቀድሜ የምፈልገው የመጨረሻዋን ገጽ ነው።

ለምን? ጸሐፊው ሥራውን ሲፈጽም የራሱንና የአጽሐፊውን ስም፣ ንጉሡንና ዘመኑን የሚያሰፍረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነዋ! ክብረ ነገሥትን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሰው ይስሐቅ መሆኑን የነገረን እንዲህ ያለ የመዝጊያ ማስታወሻ ነው። አርመኖች «ሂሻታካራን»፣ ማለትም መታሰቢያ፣ ይሉታል። ረሃብና ወረራ፣ የተማረከ መጽሐፍ በገንዘብ መዋጀቱም ሳይቀር ተጽፎበታል። ሊቃውንታቸው ሰብስበው በቅጽ በቅጽ አሳትመውታል።

እስኪ አብረን እናስላ። ማስታወሻው «በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በዘመነ ሉቃስ» ይላል እንበል። ከ1882 እስከ 1906 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ የሆኑት 1883፣ 1887፣ 1891፣ 1895፣ 1899 እና 1903 ናቸው። ስድስት ብቻ! ወሩ፣ ቀኑና ዕለቱ ከተጨመረማ ያ ቀን በስድስቱም ዓመታት በተለያየ ዕለት ስለሚውል አንድ ዓመት ብቻ ይቀራል።

የተፋቀ ስምም ይናገራል። መጽሐፍ እጅ ሲቀይር አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን ያስገባበት ብራና ብዙ ነው።

የእኛ ይፋት ደግሞ የሁለት ጽሕፈት አገር ነው፤ የግእዝ ብራናም የዐረብኛ ኪታብም አለው። በኪታቡ መጨረሻ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፤ የገልባጩን ስምና የሂጅራውን ዓመት እዚያ ፈልጉ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሸሽ አይተናል። መጽሐፍም ይሰደዳል፤ ይሰረቃል፣ ይሸጣል። ያን ጊዜ «ይህ የእኛ ነው» ለማለት መታወቂያው ያቺ ገጽ ናት። ከተገነጠለች በኋላ ሥዕሉ ቢያምር ምን ይሠራል? ከየት እንደመጣ የሚመሰክርለት የለም።

ስለዚህ አደራ፦ ቄሱን ወይም ሼሁን አስፈቅዳችሁ ያቺን ገጽ ቀድማችሁ አንሱ፤ የደበዘዘውንም፣ የተፋቀውንም። አንድ ቅጂ ለባለቤቶቹ ስጡ። መጽሐፉ የት እንደሚገኝ ግን እዚህ አትለጥፉ፤ የሚያነበው ወዳጅ ብቻ አይደለም።