በሕይወት የተረፉ ሰዎችን የቃል ታሪክ በተንቀሳቃሽ ስልክ ቀርጾ ለወጣቶች ማቆየት

ይህ መረጃ በሾላ ገበያ አካባቢ፣ በየካ ክፍለ ከተማና በሌሎችም ሥፍራዎች ለሚኖሩ፣ ከጭፍጨፋ፣ ከእስርና ከስቃይ የተረፉ ቤተሰቦቻቸውን ወይም ጎረቤቶቻቸውን ታሪክ በድምፅና በምስል ለማስቀረት ለሚፈልጉ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። ለሥራው ልዩ የስቱዲዮ መሣሪያ አያስፈልግም። መደበኛ ዘመናዊ ስልክ፣ በቂ ዝግጅትና የባለታሪኩ ሙሉ ፈቃድ ይበቃሉ።

1. ሥራው ጊዜ የማይሰጠው ስለ ምንድን ነው?

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፣ የፋሽስት ጣሊያን ኃይል በአዲስ አበባ ነዋሪ ላይ ለሦስት ቀናት ጭፍጨፋ ፈጽሟል። መታሰቢያ ሐውልቱ በስድስት ኪሎ ቆሟል፤ ዕለቱም በየዓመቱ ይታሰባል። ነገር ግን በዚያ ቀን የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው በ2019 ዓ.ም. 100 ዓመት ይሞላዋል። ያን ዕለት በዓይኑ ካየው ትውልድ አብዛኛው ድምፁ ሳይቀረጽ አልፏል።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የተፈጸመውን የቀይ ሽብር ግፍ ያዩ ሰዎች ግን ዛሬም በመካከላችን ይገኛሉ። በ1969 ዓ.ም. 20 ዓመት የነበረ ወጣት በ2019 ዓ.ም. የ70 ዓመት አዛውንት ይሆናል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የየካቲት 12 ምስክሮች በዘመናቸው መቅረጫ በእጃቸው አልነበረም፤ የቀይ ሽብር ምስክሮች ግን መቅረጫው በልጅ ልጆቻቸው ኪስ ውስጥ አለ።

ፍርድ ቤት ያስቀረው መዝገብ መኖሩ ይህን ሥራ አያስቀረውም። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ሌሎች የደርግ ባለሥልጣናት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተብለዋል። የችሎት መዝገብ የሚጠይቀው ማን፣ መቼ፣ ምን ፈጸመ የሚለውን ነው። ስንቅ ይዛ በቀበሌ እስር ቤት በር የቆመችው እናት ምን እንደተባለች፣ ከእስር የወጣው ወጣት ወደ ትምህርቱ እንዴት እንደተመለሰ የሚነግሩን ባለታሪኮቹ ብቻ ናቸው።

2. ከቀረጻ በፊት

ሀ. ፈቃድ፦ ቀረጻው ለምን እንደሚውልና ማን እንደሚያየው ለባለታሪኩ በግልጽ ያስረዱ። ለቤተሰብ ብቻ፣ ከሕልፈት በኋላ ብቻ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን የመወሰን መብቱ የባለታሪኩ ነው። ውሳኔውን በጽሑፍ ያስፈርሙ፤ በቀረጻው መጀመሪያም በራሱ አንደበት እንዲናገረው ያድርጉ። የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የፖለቲካ አመለካከትንና የጤና ሁኔታን የሚገልጹ መረጃዎች ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል እንደሚመደቡ ደንግጓል።

ለ. ቦታ፦ የገበያ ድምፅ፣ መኪናና የመንገድ ጥሩንባ የሽማግሌን ዝግ ያለ ድምፅ ይውጡታል። መስኮቱ ወደ መንገድ የማይከፈት፣ ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት ክፍል ይምረጡ።

ሐ. ስልክ፦ ባትሪውን ይሙሉ፤ ጥሪ እንዳያቋርጥ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉ፤ የማስቀመጫ ቦታ መኖሩንም ያረጋግጡ። አንድ ሰዓት የድምፅ ቀረጻ በመካከለኛ ጥራት 60 ሜጋባይት ገደማ ሲይዝ፣ ጥራት ያለው የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ከ5 ጊጋባይት በላይ ሊይዝ ይችላል። ቦታ ካነሰ ድምፁን ብቻ መቅረጽ ይመረጣል።

3. በቀረጻ ጊዜ

ስልኩን ከተናጋሪው አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ በተረጋጋ ነገር ያስቀምጡ። በመጀመሪያ ዕለቱን፣ ቦታውንና የተገኙትን ሰዎች ያስመዝግቡ። ከዚያም ከልጅነት፣ ከሰፈርና ከትምህርት ቤት ይጀምሩ፤ ወደ ከባዱ ጉዳይ በባለታሪኩ ፍጥነት ይሂዱ። «አሠቃይተውዎት ነበር?» ከማለት ይልቅ «ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ሰውዬው በራሱ ቃል እንዲናገር ያደርጋል። ዝምታን በጥያቄ አይሙሉ። ባለታሪኩ ከተረበሸ ቀረጻውን ያቁሙ፤ ታሪኩ ሳይሟላ ቢቀርም ባለታሪኩ ዳግም መጎዳት የለበትም። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባይበልጥ ይመረጣል። ባለታሪኩ የሚናገረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይሁን፤ ትርጉም በኋላ ይደርሳል።

4. ከቀረጻ በኋላ

• ፋይሉን በዕለቱ ከስልኩ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ተለየ ማስቀመጫ ይገልብጡ። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ በሌላ ቤት ይቀመጥ። ስልክ ሲጠፋ ብቸኛ ቅጂ የሆነ ታሪክ አብሮ ይጠፋል።
• በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፋይል ይላኩ፤ እንደ ተራ ቪዲዮ የተላከ ምስል ጥራቱ ይቀንሳል።
• ለፋይሉ ዓመተ ምሕረቱን፣ ቦታውንና ርዕሱን የያዘ ስም ይስጡ፤ የተነገረውንም በጽሑፍ ይገልብጡ።
• በታሪኩ በክፉ የተጠቀሱ ሰዎችን ስም ሳያጣሩ ለሕዝብ አያሠራጩ። ሙሉው ቅጂ እንዳለ ይቀመጥ፤ ለሕዝብ የሚወጣው ክፍል ግን ይመረጥ።

5. ወደ ወጣቶች ማድረስ

በ1994 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሾዋ ፋውንዴሽን ከአይሁድ ጭፍጨፋና ከሌሎች ጭፍጨፋዎች የተረፉ ሰዎችን ከ50,000 በላይ ምስክርነቶች ሰብስቧል፤ ተማሪዎችም ድርጊቱ በተፈጸመበት ሥፍራ ቆመው አጫጭር ምስክርነቶችን በስልካቸው እንዲያዩ ያደርጋል። በአገራችንም በመስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ጎብኚዎችን ሲያስተናግዱ ከኖሩት መካከል ራሳቸው ከግፉ የተረፉ ሰዎች ይገኙበታል። ቤተሰብም ከረጅሙ ቀረጻ በባለታሪኩ ፈቃድ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚሆን ክፍል መርጦ፣ ወጣቱን ወደ ሙዚየሙ ሲወስድ በዚያው ሊያሰማው ይችላል።

6. በቋሚነት ለማስቀመጥ

በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የአገሪቱን መዛግብት እንዲሰበስብና እንዲጠብቅ ኃላፊነት የተሰጠው ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዚህ ረገድ በቅድሚያ ሊጠየቁ የሚገባቸው ናቸው። ከመሄድዎ በፊት የተፈረመውን የፈቃድ ጽሑፍ፣ የቀረጻውን ቅጂና ጽሑፋዊ ግልባጩን ያዘጋጁ። ዋናውን ቅጂ ለማንም አያስረክቡ፤ ከቤተሰብ ጋር ይቆይ።

ባለታሪኩ ለመናገር ፈቃደኛ ሆኖ ሳለ ለሚቀጥለው በዓል ወይም ለክረምት ዕረፍት ቀጠሮ ማራዘም አይመከርም። የመጀመሪያው ቀረጻ 10 ደቂቃ ቢሆንም በቂ ጅማሬ ነው።