ማንኮራፋት የሰላም እንቅልፍ ምልክት ነውን?



የዋጃ ሙቀት በሚበረታባቸው ወራት ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ እንደሚተኛ የራያን ቆላ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። በእነዚያ ሌሊቶች የጎረቤትን ማንኮራፋት አጥር አያግደውም። ሲነጋም «እገሌ እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኝቶ አደረ!» ተብሎ ይሳቅበታል። እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርሁ፤ ሳቄን ያስተወኝ አንድ ልጅ ነው።

ከዓመታት በፊት ከማስተምራቸው ልጆች መካከል አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ጧት ሉሑን ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ አፉን ከፍቶ ያንቀላፋል። እኩዮቹ ጁዝእ ዐምማን ሲጨርሱ እርሱ ከጥቂት ሱራዎች አላለፈም። ሰነፍ መሰለኝና ገሠጽሁት፤ በአርጩሜም መታሁት። አንድ ቀን እናቱ መጥታ፣ «ኡስታዝ፣ ልጄ ቀን የሚያንቀላፋው ሌሊት እንቅልፍ ስለማያገኝ ነው። ሲያንኮራፋ ቆይቶ ትንፋሹ ቁርጥ ይላል። ሞተብኝ ብዬ ስነካው ደንግጦ ይተነፍሳል። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ አነጋለሁ» አለችኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ስጠይቅና ሳነብ፣ የተሳሳትሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንሁ ተረዳሁ።

የሰው ልጅ ለረጅም ዘመን ሳቀ

ከ2300 ዓመታት ገደማ በፊት በጥቁር ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ሄራክሊያ ዲዮኒሲዮስ የተባለ እጅግ ወፍራም ገዢ ነበር። ጥንታውያን ጸሐፍት እንደሚተርኩት፣ ትንፋሹ እንዳይታፈን ስለተሰጋ እንቅልፍ ሲጥለው ጎኑን በረጅም ቀጭን መርፌ እየወጉ እንዲቀሰቅሱት ሐኪሞች አዘዙ። በ1836 እና 1837 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ «ፒክዊክ ፔፐርስ» በተሰኘው ልቦለዱ ጆ የሚባል ወፍራም ልጅ አሳየ። ጆ ሥራ ላይ ቆሞ ሳለ እንኳ እያንኮራፋ ይተኛል። አንባቢው ሳቀ፤ ልጁ ታሞ ይሆን ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

በ1889 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ሐኪም ዊሊያም ሂል በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። በትምህርት ወደ ኋላ የቀሩና «ደነዝ»፣ «ሰነፍ» የተባሉ አንዳንድ ልጆች በአፋቸው የሚተነፍሱና ሌሊት የሚያንኮራፉ መሆናቸውን አስተውሎ፣ ነገሩን ከአፍንጫና ከጉሮሮ መዘጋት ጋር አያያዘው። ውድ አንባቢ ሆይ! እኔ አርጩሜ ሳነሳ ይህ ጽሑፍ ከታተመ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

በ1956 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህን መሰል ሕመም በዲከንስ ልቦለድ ስም ጠሩት፤ ምክንያቱን ግን ገና በትክክል አላገኙትም ነበር። እውነቱ የተገለጠው ሕሙማኑን ቀን በመመርመር ሳይሆን ሌሊት አጠገባቸው በማደር ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይና በጀርመን የነበሩ ተመራማሪዎች የተኙ ሰዎችን ትንፋሽና የአንጎል እንቅስቃሴ በመሣሪያ ሲመዘግቡ፣ ትንፋሻቸው በሌሊት ደጋግሞ እንደሚቋረጥ አዩ። በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ስታንፎርድ ጊየሚኖና ባልደረቦቹ ይኸው ሕመም በስምንት ልጆች ላይ መታየቱን ጻፉ። በሽታውም ስሊፕ አፕኒያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ጊዜ የሚደርስ የትንፋሽ መቋረጥ ተባለ።

ለመሆኑ ሌሊት ምን ይሆናል?

ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ። መተላለፊያው በስብ፣ በቶንሲል ወይም በመንጋጋ አፈጣጠር የጠበበ ከሆነ ይዘጋል። ትንፋሽ ለአሥር ሴኮንድና ከዚያም በላይ ይቆማል፤ በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሳል። በከባድ ሕመም ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ጊዜና ከዚያ በላይ ይደጋገማል። ሰውየው ግን ሲነጋ አንዱንም አያስታውስም። ስለዚህ ዋናው ምስክር አጠገቡ የተኛው ሰው ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ግምት በዓለም ከ30 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች 936 ሚሊዮን ያህሉ ቀላልም ይሁን ከባድ ይህ ችግር እንዳለባቸው ያመለክታል። ሕመሙ ከደም ግፊት፣ ከልብ ሕመምና ከአንጎል ደም ሥር መዘጋት ጋር ይያያዛል። ከወልድያ በቆቦና በዋጃ አልፎ ወደ አላማጣ በሚዘልቀው ጎዳና ላይ መሪ ጨብጦ የሚያንቀላፋ ሾፌርማ ሌሎችንም ይዞ ይጠፋል።

እስከ 1981 እ.ኤ.አ. ለከባዱ ሕመም የነበረው ዋና መድኃኒት አንገትን ከፊት በስቶ በቱቦ ማስተንፈስ ነበር። በዚያ ዓመት አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን በአፍንጫ በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ በአምስት ሕሙማን ላይ ሞክሮ ውጤቱን አሳወቀ። ዛሬም ለአዋቂዎች ዋናው ሕክምና ይኸው ነው። መሣሪያው ውድ ነው፤ መብራትም ይፈልጋል። ይሁንና በእጃችን ያለም አለ፦ ውፍረትን መቀነስ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ኪኒን አለመውሰድ፣ በጀርባ ሳይሆን በጎን መተኛት። በቀኝ ጎን መተኛትንማ ከሱናው እናውቀዋለን።

በልጆች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው አዴኖይድ ማበጥ ነው። ሐኪም ካዘዘ በሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ይህ ግን እንጥልን በምላጭ ማስቆረጥ ወይም ቶንሲልን በጣት ማስቧጠጥ ማለት አይደለም! ያ ልማድ ለደም መፍሰስና ለመመረዝ ይዳርጋል እንጂ የተዘጋውን መተንፈሻ አይከፍትም።

እንግዲህ ወላጆች፣ ዛሬ ሌሊት ልጆቻችሁ ሲተኙ ጥቂት አድምጡ። ዘወትር የሚያንኮራፋ፣ ትንፋሹ የሚቋረጥ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ ቀን የሚያንቀላፋ ወይም የሚቅበጠበጥ ልጅ ካለ ያያችሁትን ለጤና ባለሙያ ንገሩ። መምህራንም አርጩሜ ከማንሳታችን በፊት «ሌሊት እንዴት ያድራል?» ብለን እናትን እንጠይቅ።

ያ ልጅ ቶንሲሉ በሆስፒታል ወጣለት። ከወራት በኋላ ጁዝእ ዐምማን ጨርሶ ሲያሰማኝ፣ ስለመታሁት «አውፍ በለኝ» አልሁት። ፈገግ ብሎ አንገቱን ደፋ። እናቱ ግን አሁን እርሷም ተኝታ እንደምታድር ነገረችኝ።