ቤተ እስራኤላውያንና የእስራኤል ፖሊስ

በሰበታም ሆነ በቡራዩ ስለ እስራኤል ሰላም ስንጸልይ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ የሄዱትን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያንና ልጆቻቸውን እናስባለን? በ2015 ትውልደ ኢትዮጵያዊው ወታደር ደማስ ፈቃደ የደንብ ልብሱን እንደ ለበሰ በሆሎን ከተማ በፖሊሶች ተደበደበ። በካሜራ ባይቀረጽ ኖሮ ማን ያምነው ነበር? ብዙዎች አደባባይ ወጡ፤ በ2016ም በኤሚ ፓልሞር የተመራ የመንግሥት ኮሚቴ ዘረኝነቱ መኖሩን መሰከረ። ሆኖም በጃንዋሪ 2019 ቢላ ይዞ የነበረው የአእምሮ ሕመምተኛ ይሁዳ ቢያድጋ በባት ያም፣ በጁን 30 ደግሞ ወጣቱ ሰሎሞን ተካ በቂርያት ሐይም በፖሊስ ጥይት ሞቱ። በሰሎሞን ላይ የተኮሰው ፖሊስ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ነበር፤ “ወደ መሬት ነው የተኮስኩት፣ ጥይቱ ነጥሮ ነው” ባይ ነው። በተከታዮቹ ቀናት መንገዶች ተዘጉ፣ መኪኖችም ተቃጠሉ።