የቫንክል ሞተርና ያገለገለ የስፖርት መኪና ገዢ ሥጋት

ያገለገለ ማዝዳ አር ኤክስ 7 ለመግዛት የሚፈልግ ሰው፥ በጃፓንም ሆነ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ፥ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነቱ ወይም ስለ ቀለሙ አይደለም፤ «ሞተሩ ወርዶ ያውቃል ወይ? የወረደውስ በስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ ነው። የሌላ መኪና ገዢ ይህን ጥያቄ በመጨረሻ ያነሣው ይሆናል፤ የዚህ መኪና ገዢ ግን ከዚሁ ይጀምራል። እኛም ይህ ሥጋት ከየት እንደ መጣና ምን ያህሉ ትክክል እንደ ሆነ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር አስበናል። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በተለመደው ሞተር ፒስቶን በሲሊንደር ውስጥ ይወጣል፥ ይወርዳል። ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል (1902–1988)፥ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሳያገኙ በገዛ ጥረታቸው ዕውቀት ያካበቱ ሰው፥ ይህን መውጣትና መውረድ ለማስቀረት ተነሡ። በእርሳቸው ሞተር ውስጥ ሮተር የሚባል ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት፥ ወገቡ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራል። በሮተሩና በግድግዳው መካከል ያሉት ሦስት ክፍሎች እየሰፉና እየጠበቡ ሲሄዱ ነዳጁንና አየሩን ይስባሉ፥ ይጨምቃሉ፥ ያቃጥላሉ፥ ጢሱንም ያስወጣሉ። ቫልቭ የለበትም፤ ክብደቱ ትንሽ፥ መንቀጥቀጡም ጥቂት ስለ ሆነ ለስፖርት መኪና እጅግ ይስማማል። ዳሩ ግን ሦስቱ ማዕዘኖች ግድግዳውን ለአንድ አፍታ እንኳ ሳይለቁ መዞር አለባቸው። ስለዚህ በየማዕዘኑ ጫፍ አንዲት ቀጭን ቁራጭ ትገባለች፤ ሥራዋም መካኒኮቻችን «ፋሻ» የሚሉት ቀለበት በፒስቶን ላይ የሚሠራው ነው። እኛም «የጫፍ ፋሻ» እንላታለን። እርስዋ ካለቀች ወይም ከተሰበረች የተጨመቀው አየር ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያመልጣል፤ ሞተሩም ይደክማል።

የመጀመሪያው የቫንክል ሞተር በኔካርዙልም ከተማ፥ በኤን ኤስ ኡ ፋብሪካ፥ በየካቲት ወር 1957 ተነሣ። ከዚያም ሐንስ ዲተር ፓሽከ የተባሉት መሐንዲስ ለመኪና የሚመች ቀለል ያለ ዓይነት አዘጋጁ። ኤን ኤስ ኡ በሞተር ብስክሌት ታላቅ ስም ቢኖረውም ከጀርመን መኪና ሠሪዎች መካከል ትንሽ ነበረ፤ ትልልቆቹን ለመቅደም የነበረውም ተስፋ ይኸው ሞተር ነበር። በ1964 «ስፓይደር» የተባለች ባለ 50 የፈረስ ጉልበት ትንሽ የስፖርት መኪና መሸጥ ጀመረ። እስከ 1967 የተሠሩት 2,375 ብቻ ስለ ነበሩ ጉድለቷ ብዙ ሰው ጋ አልደረሰም።

ስሙን ያጎደፈው በ1967 የወጣው ሮ 80 ነው። ይህ የቤተሰብ መኪና እንጂ የስፖርት መኪና አይደለም፤ ነገር ግን ያለ እርሱ የኋለኞቹን ገዢዎች ፍርሃት ለመረዳት አይቻልም። በአውሮፓ የ1968 የዓመቱ መኪና ተብሎ ተሸለመ። ብዙ ሳይቆይ ግን ገና 50,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞሉ የጫፍ ፋሻቸው ያለቀ ሞተሮች ወደ ጋራዥ ይጎርፉ ጀመር። ሞተሩ ስለማይጮህና ስለማይንቀጠቀጥ ነጂው ከልክ በላይ እንደሚያስሮጠው እንኳ አያውቅም ነበር፤ ኋላ በድምፅ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ የተጨመረው በዚህ ምክንያት ነው። ፋብሪካው በዋስትናው መሠረት ሞተር በሞተር ይለውጥ ነበር። የሮ 80 ባለቤቶች መንገድ ላይ ሲገናኙ የስንተኛ ሞተር ባለቤት እንደ ሆኑ በጣታቸው ይቈጥሩ ነበር ይባላል። በ1969 ኤን ኤስ ኡ በፎልክስቫገን ሥር ከአውቶ ዩኒየን ጋር ተዋሐደ፤ ለዚህ የዋስትናው ወጪ ብቻውን ምክንያት ነው ባንልም አቅሙን እንዳደከመው አያጠራጥርም። የፋሻው ማዕድን ከተለወጠ በኋላ ሞተሩ ደኅና ሆኖ ነበር። ያገለገለ ሮ 80 የገዛ ሰው ግን ይህን አላመነም፤ በእንግሊዝ አገር ብዙዎች የቫንክሉን ሞተር አውጥተው የፎርድን ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አስገቡበት። ፋብሪካው ያልጨረሰውን ፈተና ገዢው በገንዘቡ ጨረሰው ለማለት እንደፍራለን።

በዚያው ዘመን በሂሮሺማ የነበረው ነገር ሌላ ነው። ኋላ ማዝዳ የተባለው ቶዮ ኮግዮ በ1961 ፈቃዱን ከኤን ኤስ ኡ ገዝቶ ነበር። ኬንኢቺ ያማሞቶና አብረዋቸው የተመደቡት መሐንዲሶች፥ በድምሩ 47 ሰዎች፥ ሞተሩን ሲፈቱት በግድግዳው ላይ እንደ ማዕበል የተደረደረ ጭረት አገኙ፤ «የሰይጣን ጥፍር» ብለው ሰየሙት። ፋሻዋ በምትሮጥበት ጊዜ በራስዋ ንዝረት እየዘለለች ግድግዳውን ትቧጥጥ ነበር። መድኃኒቱን ለማግኘት ብዙ ነገር፥ የላምና የፈረስ አጥንት ሳይቀር፥ እንደ ሞከሩ ይነገራል፤ በመጨረሻም አሉሚኒየም የገባበት ካርቦን ተስማማቸው። እኛን ይልቁንም ያስደነቀን ሌላ ነገር ነው፤ ኮስሞ የተባለውን የስፖርት መኪናቸውን ለሕዝብ ካሳዩ በኋላ ወዲያው አልሸጡትም፤ በ1965ና በ1966 60 የሙከራ መኪናዎች ለአከፋፋዮቻቸው ሰጥተው አስነዱ። ሽያጩ የተጀመረው በግንቦት 1967 ነው። በ1968 በኑርቡርግሪንግ በተደረገው የ84 ሰዓት ውድድር ሁለት ኮስሞዎች ገብተው አንዱ አራተኛ ወጣ፤ ሌላው በ82ኛው ሰዓት ያቋረጠው በሞተሩ ሳይሆን በአክሱ ምክንያት ነው።

እንዲህም ሆኖ የኤን ኤስ ኡ ስም ለማዝዳ ተረፈው። አር ኤክስ 7 ከ1978 እስከ 2002 ከ800,000 በላይ ተሠራ፤ ማዝዳም በ1991 የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር በዚሁ ዓይነት ሞተር አሸነፈ። ቢሆንም ገዢው ዛሬም «የጫፍ ፋሻው እንዴት ነው?» ይላል። መጠየቁ ስሕተት አይደለም፤ ስሕተቱ ሁሉንም ጉዳት አንድ በሽታ አድርጎ ማየቱ ነው። የ1960ዎቹ ፋሻ ያልቅ የነበረው በማዕድኑ ጉድለት ነው። በ1990ዎቹ ሁለት ቱርቦ በተገጠመለት አር ኤክስ 7 ግን ፋሻዋን የሚሰብራት ብዙውን ጊዜ ሙቀትና ነዳጁ ያለጊዜው መፈንዳቱ ነው፤ ይኸውም የፋብሪካው ብቻ ሳይሆን ቱርቦውን ከልኩ በላይ ያስነፋው የቀድሞ ባለቤትም ጥፋት ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ይህ ሞተር ፋሻውን ለማለስለስ በተፈጥሮው ዘይት ያቃጥላል፤ ዘይት መብላቱን እንደ ጉድለት ቈጥሮ የሚሸሽ ገዢ እንዳለ ሁሉ፥ ዘይቱን ሳይጨምር ሞተሩን የገደለ ባለቤትም አለ።

ስለዚህ ምርመራው የራሱ ሥርዐት አለው። የተለመደው የመጭመቂያ መለኪያ ከሦስቱ የሮተር ፊቶች የብርቱውን ብቻ ስለሚያሳይ ደካማውን ይሸፍነዋል፤ ሦስቱን ለየብቻ የሚያነብ መሣሪያ ያስፈልጋል። ከ2003 እስከ 2012 ለተሠራው አር ኤክስ 8 የተወሰነው ዝቅተኛ ልክ፥ በደቂቃ በ250 ዙር ሲለካ፥ 680 ኪሎ ፓስካል ነው። መሣሪያው ከሌለ መኪናውን በደንብ እስኪሞቅ ነድቶ፥ አጥፍቶ፥ ወዲያው እንደገና ማስነሣት ይጠቅማል፤ የደከመ ሞተር በብርድ ተነሥቶ ሲሞቅ እንቢ ይላልና። በአሜሪካ ማዝዳ ራሱ የአር ኤክስ 8ን ሞተር ዋስትና ወደ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ማራዘሙ፥ ሥጋቱ የገዢዎች ወሬ ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል። የስድስቱ ፊቶች ልክ የተጻፈበትን ወረቀት ሊያሳይ ከማይችል ሻጭ ጋር የሚዋዋል ሰው፥ ሞተሩ እንደሚወርድ አስቀድሞ አስቦ ዋጋውን መቀነስ አለበት።