ዝናሩን ማን ሰፋው?

መንዝ፣ አያቴ ቤት፣ ምሰሶው ላይ የተሰቀለ አንድ አሮጌ ዝናር አለ። ጥይቱ ካለቀ ስንት ዘመን! ቆዳው ግን ዛሬም ጠንካራ ነው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስሄድ አወረድኩትና ታሪኩን እንዲነግሩኝ አያቴን ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ሳይሰለቹ አወጉኝ። አባታቸው በአርበኝነት ዘመን እንደታጠቁት፣ ጠመንጃቸው ውጅግራ እንደነበረ፣ የፈረሳቸውን ስም፣ ፈረሱ የወደቀበትን ገደል ሳይቀር ነገሩኝ። «ዝናሩንስ ማን ሰፋው አባባ?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲህ አንዱ ፋቂ ነዋ!» ብለው ወሬውን ወደ ፈረሱ መለሱት።

ብዕር ያስነሣችኝ ይህች «አንዱ ፋቂ» የምትል ቃል ናት።

መቼም የእኛ ታሪክ ፈረስን በስሙ የሚያውቅ ታሪክ ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ጠመንጃውም ስም አለው፤ ሰናድር ይባላል፣ ውጅግራ ይባላል፣ ምንሽር ይባላል። ጥይቱን ከሰውየው ወገብ ጋር ያያዘው ሰው ግን ስም የለውም። ታዲያ ያ ሥራ ስም የማያሰጥ ቀላል ሥራ ነበር ወይ? እስቲ እንየው።

ዝናር የሚለው ቃል ከጥይት በፊት የነበረ ነው። የቄስ መታጠቂያም ዝናር ይባላል። ጥይት ተሸካሚው ዝናር ግን የመጣው ከባለ ቀልሃው ጥይት ጋር ነው። ጠመንጃ በአፈሙዙ ይጎርስ በነበረበት ጊዜ ተዋጊው ባሩዱን በቀንድ፣ እርሳሱን በከረጢት ይዞ ይዞር ነበር። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ወደ መቅደላ ሲመጡ ወታደሮቻቸው ከኋላው የሚጎርሰውን ሰናድር ይዘው ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለው ሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለው ጠመንጃ በብዛት ወደ አገራችን ገባ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ ከነበሩት አንዱ ውጅግራ ነው። ስሙ ፈረንሳዮች «ፊዚ ግራ» የሚሉት በእኛ አፍ ተለውጦ ነው።

የውጅግራ ጥይት ቀላል አልነበረም። አንዱ ፍሬ ወደ 44 ግራም ይመዝናል፤ አርባው ሲደረደር ከአንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ይበልጣል። ስድሳ ከሆነ ሁለት ኪሎ ተኩል አለፈ ማለት ነው። በዚህ ላይ ጎራዴው አለ፤ ያለው ሰው ከሆነ ሽጉጡም አለ። ይህንን ሁሉ ታጥቆ ከሸዋ ትግራይ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ አቀበት ቁልቁለቱን በእግር መሄድ ነው። ዝናሩ ቢበጠስ ወይም ጥይቱ በየመንገዱ ቢንጠባጠብ ጠመንጃው ዱላ ሆኖ ቀረ!

ስለዚህ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል ብዬ ከመንደራችን በታች ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ቆዳ ሠሪ ወረድኩ። እንደሳቸው አነጋገር ሸክም የሚያርፍበት ቆዳ ትልቁ ጠላቱ መለጠጥ ነው። ከበሬ ቆዳ የሚመረጠው የጀርባው ነው፤ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ በቁመቱ የተተለተለው። የሆዱ ቆዳ ለስላሳ ነው፣ ይለጠጣል፣ ለዝናር አይሆንም። መጀመሪያ ቆዳው በችካል መሬት ላይ ይወጠርና ሥጋና ስቡ ይፋቃል፤ «ፋቂ» የተባለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ከዚያ ጠጉሩ ይነሣል፣ በእምቧይ ይታሻል፣ በእግር ይረገጣል፣ ቅባት ይጠጣል። ከመቆረጡ በፊት ርጥብ እንዳለ በኃይል ይሳባል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ሊረዝም ያለውን እኔ ቤት ይጨርስ ብዬ ነው፤ ሰው ወገብ ላይ ሄዶ እንዳይረዝም» አሉኝ።

አንድ ድርብ ቆዳ ብቻውን አይበቃም። ሁለት ጠፍጣፋ ቆዳ ሥጋ ለሥጋ ተገጥሞ ዳርና ዳሩ በጅማት ይሰፋል። ዘለበቱ የሚያዝበት ጫፍ ላይ ደግሞ በመካከል ሦስተኛ ቆዳ ይገባል፤ ጉተታው ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነውና። በወስፌ የሚበሳው ቀዳዳ በጣም ከተቀራረበ ቆዳው እንደ ቴምብር ወረቀት በመስመሩ ይቀደዳል፤ ከተራራቀም ስፌቱ አፉን ይከፍታል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ግን የጥይቱ ማስገቢያ ነው። ርጥቡ ቆዳ በጥይቱ ላይ ተጠቅልሎ፣ የጥይቱን ቅርጽ ይዞ እንዲደርቅ ይደረጋል። ከላላ ተዋጊው ሲሮጥ ጥይቱ ይወድቃል፤ ከጠበቀም በጭንቅ ሰዓት ጣት እምቢ ይለዋል። ይህንን ልክ የሚያውቀው መሣሪያ ሳይሆን እጅ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። አሜሪካዊው መኮንን አንሰን ሚልስ የጥይት ቀበቶውን እ.አ.አ. በ1867 በስሙ አስመዝግቧል። ቆዳ የሚለፋበት ነገር የናሱን ቀልሃ እያበላሸ አረንጓዴ ዝገት ስለሚያወጣበት በኋላ የቆዳውን ትቶ በሽመና የተሠራ ቀበቶ አወጣ። በሕንድ ያገለግል የነበረው እንግሊዛዊ ሳም ብራውን ደግሞ እ.አ.አ. በ1858 በጦርነት ግራ እጁን አጣ። ሰይፉን በግራ እጁ ደግፎ መምዘዝ ስላቃተው ሸክሙን ከወገቡ ላይ የሚቀንስ፣ በቀኝ ትከሻው የሚያልፍ ማንገቻ ያለው ወፍራም ቀበቶ አሠራ። ይህ ቀበቶ ዓለምን ዞሮ እኛም ዘንድ ደርሷል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በወታደር ልብስ በተነሧቸው ፎቶግራፎች ላይ ይታያል። እስከ ዛሬም «ሳም ብራውን» ይባላል። ሆኖም ብራውን ሐሳቡን አመጣ እንጂ ሰፊው እሱ አልነበረም፤ በአንድ እጅ ወስፌ አይያዝምና! እዚያም ቢሆን ስም የቀረለት ለባሹ ነው።

የእኛው ግን ከስም ማጣትም ይብሳል። የፈረንጁ ቆዳ ሰፊ ቢረሳም በሥራው ቡዳ አልተባለም። እኛ ዘንድ ፋቂው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባል ነበር። ከእነሱ ጋር መጋባት ነውር፣ አብሮ መብላትም አስፈሪ፤ በብዙ ቦታም ርስት የላቸውም። ይህ የአንድ አውራጃ ጉድ አይደለም። ኮንሶ ውስጥ ቆዳ የሚፍቁት ሴቶች ናቸው። በ1990ዎቹ እንኳ እንደ ጥንቱ በድንጋይ መፋቂያ ሲሠሩ ተመራማሪዎች አይተዋቸዋል፤ እነሱም ከገበሬው ዝቅ ተደርገው የሚታዩ ናቸው።

እስቲ አስቡት። ጌታው ፋቂው የነካውን እንጀራ አይቀምስም፤ ፋቂው ላብ ያፈሰሰበትን ዝናር ግን ወገቡ ላይ አጥብቆ ይተኛል። ኮርቻው የማን እጅ ነው? አገልግሉስ? ስልቻውስ? የበቅሎው መጫኛስ? ስንቁም መሣሪያውም የተጓዘው በዚያው በተናቀው እጅ ሥራ ላይ ሆኖ ነው። ንቀቱ የእጁን ሥራ ሳይሆን እጁን ብቻ መርጦ መያዙ እስከ ዛሬ ሊገባኝ አልቻለም።

ይህን ያየ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሥራው መሳደብ ከልክለዋል፤ ስድቡ ሠራተኛን አጥፍቶ አገርን ባዶ የሚያስቀር መሆኑንም ተናግረዋል። ዐድዋ ካለፈ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። አዋጁ መንዝ መድረሱን እንጃ፤ ከደረሰም ጆሮ እንጂ ልብ አልገባም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ በሕግ ደረጃ መሬት ለሚያርስ ሁሉ በሩን ከፈተ። የጋብቻው በር ግን በአዋጅ የሚከፈት አልሆነም። ሽማግሌው ቆዳ ሠሪ ልጃቸው አዲስ አበባ ገብቶ እንደሚሠራ ነገሩኝ። «አባትህ ምን ይሠራል ሲሉት ገበሬ ነው ይላል አሉ» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቁ አቃተኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ዝናሩን እንደገና አገላብጬ አየሁት። ከውስጥ በኩል፣ ዘለበቱ አጠገብ፣ ከሌላው የተለየ ስፌት አለ፤ አንድ ጊዜ ተበጥሶ ተጠግኗል። አያቴን አሳየኋቸውና ታሪኩን ጠየቅኋቸው። «እሱማ የጣሊያን ጊዜ ነው» አሉ። «አባቴ ጫካ ሳሉ ተበጠሰባቸው፤ በሌሊት ወደ ፋቂው ቤት ወርደው ሲያሰፉ አደሩ።»

«እዚያው አደሩ?»

«የት ይሄዳሉ ታዲያ? ጠላት መንገዱን ይዞታል።»

«እራትስ በሉ?»

አያቴ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ዝናሩን ከእጄ ተቀብለው ወደ ምሰሶው መለሱት።