ዜና ሰንደቅ ዓላማ ዘቃኘው ሻለቃ

በ1943 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የሚዘምተውን ጦር በአዲስ አበባ ተሰናበቱ። ጦሩም ከክብር ዘበኛ የተመረጠ ነበር፤ ስሙንም ቃኘው አሉት፤ የአባታቸው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነውና። ራስ መኮንንም በ1888 በዘመነ ዮሐንስ ዓድዋ ላይ የተዋጉ ናቸው። በስንብቱም ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ለዘማቾቹ ሰንደቅ ዓላማ ሰጡ፤ በጀግንነታችሁ አክብራችሁ ለአገራችሁ መልሱት ብለውም አደራ አሉ።

የዘመኑም ሰንደቅ ዓላማ መልኩ እንዲህ ነበር። ከላይ አረንጓዴ፣ ከመካከል ቢጫ፣ ከታች ቀይ፤ አረንጓዴው የምድር ልምላሜ፣ ቢጫው ተስፋ፣ ቀዩ ስለ አገር የፈሰሰ ደም። በመካከሉም ዘውድ የደፋ አንበሳ አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ መስቀል ያለበትን በትር ይዟል፤ ከበትሩም ጥብጣብ ይወርዳል። የንጉሠ ነገሥቱ የራሳቸው ዓላማ ግን ሁለት ፊት ነበረው፤ በአንዱ አንበሳው፣ በሌላው ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ። ይህ በከንቱ አልተሣለም። ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ የጊዮርጊስ ታቦት አብሮ ወጥቶ ነበርና፣ ያን ዓላማ ያየ ወታደር አባቶቹ ማንን ይዘው እንደ ዘመቱ ያስባል።

ሻለቃውም በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ደረሰ። ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ፣ የማያውቀውን ብርድ ታግሦ በተራራው ላይ ተዋጋ። በዘመቻው ሁሉ ከ120 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ የተማረከ ግን አንድ ስንኳ አልነበረም። የአሜሪካም ፕሬዚዳንት ለጦር ክፍል የሚሰጠው ከፍተኛ ሽልማት ለመጀመሪያው ቃኘው ተሰጠ። በአሜሪካ ጦር ልማድ ይህ ሽልማት ከዓላማው ዘንግ ጋር በሚታሰር ሰማያዊ ጥብጣብ ይታወቃል። ከወርቅ ዘርፍ ሁሉ ይልቅ እንዲህ ያለው ጌጥ ለሰንደቅ ዓላማ ይገባዋል፤ ሰፊ አይሠራውም፣ ባለጠጋም አይገዛውምና።

ዛሬ ከመገናኛ አደባባይ ወደ ገርጂ የሚያልፍ ሰው ኮሪያ ሆስፒታልን ያገኛል። ያቆመችው በሴኡል ያለች የሚዩንግሰንግ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የዘማቾቹን ውለታ በማሰብ። ብዙ ሰው በዚያ ይታከማል፤ ስሙ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ስታልፍ ለልጅህ ስለ ቃኘው ንገረው። ከዘማቾቹ በሕይወት ያሉት ጥቂት አረጋውያን ናቸውና፣ የምታውቃቸው ካሉ ሳትውል ሳታድር ሄደህ ጠይቃቸው፤ ቃላቸውንም ጻፍ።