ከቤቱ በፊት ውኃው

  በዛሬው ዝግጅታችን ከጎንደር ታሪክ ተነስተን አንድ ጥያቄ እናነሳለን፤ ሰው አዲስ ሰፈር ሲመሠርት ስለ ውኃው አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ማን ነው?

አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ የመረጡት በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ያለውን ከፍታ ነበር። የፋሲል መዋኛ የሚባለው ገንዳም የሚሞላው ከቀሃ በቦይ ተጠልፎ በሚመጣ ውኃ ነው። ቤተ መንግሥቱ ሲሠራ ውኃው ታስቦበታል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረገ ጉባኤ ግን ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። አባቶቻችንም በስተታች፣ በቀሃ ዳር ሰፈሩ፤ እስላም ቤት ይባል የነበረው፣ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ የሰፈሩን ቤቶች አንድ ሺህ ያህል አድርጎ ገምቷል፤ ነዋሪዎቹንም ትጉህ ሠራተኞች ሲል አመስግኗቸዋል። ሆኖም በስተታች የሰፈረ ሰው ወንዙ የሚደርሰው ከላይ ያለው ቀድቶና አጥቦ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ይህን ከበስራ ታሪክ ጋር እናስተያየው። በዑመር (ረ.ዐ) ኸሊፋነት የተቆረቆረችው በስራ ጣፋጭ ውኃ አልነበራትም። አሕነፍ ኢብኑ ቀይስ ወደ ኸሊፋው ሄዶ የሕዝቡን ችግር ሲያስረዳ፣ ዑመር (ረ.ዐ) ለገዥው ለአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ቦይ እንዲያስቆፍሩ ጻፉላቸው። ሕዝብን ያሰፈረ መሪ ለውኃውም ተጠያቂ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከላይ ያለውስ ሰው? ዙበይር (ረ.ዐ) ከአንድ የመዲና ሰው ጋር በመስኖ ውኃ በተከራከሩ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዙበይር አጠጥቶ ውኃውን ወደ ጎረቤቱ እንዲለቅ አዘዋል። የላይኛው ቀድሞ መጠቀም ይችላል፤ አስቀርቶ መያዝ ግን አይችልም።

የሐነፊ ፉቀሃዎችም ለጉድጓድ ሐሪም፣ ማለትም የተከለለ ዙሪያ፣ ወስነውለታል። መጠኑ አርባ ክንድ ነው፤ በኦቶማኖች ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 በወጣው መጀለ በተባለው ሕግም ሰፍሯል። ዓላማው አዲስ መጪ አጠገቡ ቆፍሮ የቀደመውን ሰው ውኃ እንዳይስብበት ነው።

ውድ አድማጮች፣ ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ጎንደር እየሰፋች ነው፤ በአዘዞ በኩልም ሆነ በሌላው ዳርቻ አዳዲስ ቤቶች ይሠራሉ። ለከተማዋ ዋና የቧንቧ ውኃ ምንጭ ሆኖ የቆየው የአንገረብ ግድብ ደለል እየገባበት የመያዝ አቅሙ ቀንሷል። ለመጠጥም ለመስኖም የታሰበው የመገጭ ግድብ ሥራ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ተጓትቷል። ቧንቧው ያልደረሰው ሰው ጉድጓድ መቆፈሩ አይቀርም።

የሀገራችን የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል፤ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። እንግዲህ ፈቃድ ጠያቂ በሌለበት ቦታ የሚቀረው አማናው ነው።

ስለዚህ በማኅበር ተደራጅታችሁ ቦታ የምትረከቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ስለ ግድግዳው ከመነጋገራችሁ በፊት ውኃው ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ፤ በጽሑፍም አስፍሩ። መጸዳጃችሁን ከጎረቤት ጉድጓድ በላይ በኩል አትቆፍሩ፤ ቁልቁለት ላይ ፍሳሹ ወደ ታች ይሰርጋልና። አቅም ያላችሁም ዑስማን (ረ.ዐ) የሩማን ጉድጓድ በገንዘባቸው ገዝተው ለሕዝብ እንደሰጡ አስታውሱ። በታች መኖር ምን እንደሆነ አባቶቻችን ያውቁታል፤ እኛ ከላይ ስንሠራ ከታች ያለውን አንርሳ።